ኮርቻው ውስጥ የደበቅሁት ስንጥቅ

እንጨት ሥራ የጀመርኩት አገው አገር፣ ቆሰበር ከተማ ሳስተምር ነው። ለእንጀራዬ አልነበረም፤ እንጀራዬ መምህርነቱ ነበር። ከቤቴ ጀርባ፣ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ጋር ባስጠጋኋት የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ አንድ መጋዝ፣ ሁለት መሮ፣ አንድ መላጊያና ከወይራ የጠረብኩት መዶሻ ነበሩኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ኮቴን አውልቄ እዚያ እገባለሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ በርጩማ፣ ብዙ ሳጥን፣ ብዙ መደርደሪያ ሠርቻለሁ። አንዱን ሳስታውስ ግን ዛሬም መዳፌን ያልበኛል። እሱም ኮርቻ ነው።

በዚያ ዘመን በእጁ የሚሠራ ሰው አይከበርም ነበር። ሸማኔውም፣ ቀጥቃጩም፣ ቆዳ ፋቂውም በጎሪጥ ይታያል። እኔንም "መምህር ሆኖ እንጨት ይጠርባል" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ባይስቁብኝም ቤቴ ሲመጡ ወደ ዳሷ ዞር ብለው አያዩም። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ነበሩ፤ ፈረስ ላይ ሲወጡ ግን በዚያ አካባቢ የሚስተካከላቸው ጎልማሳ አልነበረም።

እኚህ ሰው በኅዳር ወር አንድ ቀን የተሰበረ ኮርቻቸውን ተሸክመው ዳሷ ደጃፍ ላይ ቆሙ።

"እንዲህ ያለ ሥራልኝ። ለጥር ጊዮርጊስ ታደርስልኛለህ?" አሉኝ።

በጥር ጊዮርጊስ ፈረስ ያለው ሁሉ ሜዳ ወጥቶ ይጋልባል፤ አገሩም ያንን ሊያይ ይወጣል። ደስታ ናላዬን አዞረው። ያ ሁሉ ሕዝብ በተሰበሰበበት የኔን ኮርቻ ሊጭኑ ነው! እንጨት ይኑረኝ አይኑረኝ እንኳ ሳላስብ "አደርሳለሁ" አልኩ።

ከኔ ምክር የሚፈልግ ካለ የመጀመሪያው ይኸው ነው፤ እንጨቱን በእጅህ ሳትይዝ ለማንም ቀን አትስጥ። የተቆረጠ ዋንዛ ጫፍና ጫፉ እበት ተቀብቶ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር አንድ ዓመት መቀመጥ አለበት። ጫፉ ካልተቀባ እርጥበቱ በዚያ በኩል ቶሎ ይወጣና እንጨቱ ይሰነጠቃል። ፀሐይ ላይ ማስጣትማ አይነሳ፤ እሳትም ያው ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ገና ቅጠሉ ያልጠወለገ ዋንዛ አስመጣሁና ፈልጬ ከምድጃው በላይ ሰቀልኩት። ባለቤቴ "ዛሬ ደግሞ ወጥ ቤቴን ልትቀማኝ ነው?" ብላ አጉረመረመች። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሳወርደው ከላዩ አጥንት መስሎ ነበር። ውስጡ ግን አልደረቀም።

የኮርቻ አጥንቱ አራት እንጨት ነው። ሁለቱ በፈረሱ ጀርባ ግራና ቀኝ ይተኛሉ፤ ሁለቱ ደግሞ ጎብጠው ከፊትና ከኋላ ያያይዟቸዋል። ከዚያ ጥሬ ቆዳ በእርጥቡ ይሰፋበታል፤ ቆዳው ሲደርቅ ይኮማተርና ሁሉንም ጭምቅ አድርጎ ይይዛል። ከላይ ያለው እንጨት ከዚያ በኋላ አይታይም። በዓሉ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ቆዳውን ልሰፋ ስል፣ የፊተኛው ጉብጥ እንጨት ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁ። በጥፍሬ ነካኋት። ጥፍሬ ገባ።

የማደርገውን አላጣሁም። ኮላ አቅልጬ፣ ከሰጋቱራ ጋር ለውሼ ጠቀጠቅኩበትና በጠርሙስ ስባሪ ፋቅሁት። እኔ ራሴ ስፈልጋት አጣኋት። ቆዳውን ሰፋሁበት። ስንጥቅ ያለበት እንጨት ይጣላል እንጂ አይሞላም፤ ይህንንም አውቅ ነበር።

አማቴ ሊወስዱት መጡ። ላዩን ዳበሱት፤ ገለበጡትና ቆዳ ያልደረሰበትን ውስጡን በጣታቸው አንጓ ሦስት ጊዜ አንኳኩ፤ ጆሯቸውንም አስጠጉ። በአገውኛ አንዲት ነገር ለራሳቸው ተናገሩ። እኔ ከደብረ ማርቆስ በኩል የመጣሁ ስለሆንኩ አገውኛ አልሰማም። ወዲያው በአማርኛ "እጅህ ይባረክ" አሉኝና ተሸክመውት ሄዱ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፍርሃት ገባብኝ። ጋላቢ በእርካቡ ሲቆም ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው የፊተኛው እንጨት ላይ ነው። እሱ ከተሰበረ ስባሪው የፈረሱን ጀርባ ይወጋል፤ ፈረሱ ይደነብራል፤ የስልሳ ዓመት ሽማግሌ ከዚያ ወድቆ አይነሳም። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጠመኔው ቀጭ ሲል እደነግጣለሁ። እህል አልወርድልህ አለኝ። ባለቤቴ "አመመህ እንዴ?" ስትለኝ አባቷን ልገድልባት እንደሆነ እንዴት ልንገራት? "ጉንፋን ነው" አልኳት።

በበዓሉ ጠዋት ሜዳው በሰው ሞልቶ ነበር። አማቴ ፈረሳቸው ላይ ወጥተዋል። ልነግራቸው ቆርጬ ሰውን እየገፋሁ ሄድኩና ልጓሙን ያዝኩ።

"አባቴ፣ ኮርቻው…"

"ኮርቻው ምን ሆነ?" አሉ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

ጎረቤቶቻቸው ከበውናል። እነዚያ "እንጨት ይጠርባል" የሚሉኝ ሁሉ አሉ።

"አምሮብዎታል" አልኩ።

ልጓሙን ከእጄ አላቀው ፈረሱን ኮለኮሉ። ፈሪ ነኝ፤ ያን ዕለት ያወቅሁት ይህንን ነው።

ሌሎቹ ፈረሰኞች በእርካባቸው ቆመው፣ ወደ ኋላ ተለጥጠው ይጋልባሉ። እሳቸው ግን በእርካቡ ሳይቆሙ፣ ጎንበስ ብለው፣ በአንድ እጃቸው ጋማ ጨብጠው፣ ከሁሉ ኋላ ቀሩ። አጠገቤ የቆመ ሰው "አይ እርጅና፣ እኚህ ሰውዬ አበቃላቸው" አለ። ሌላው ሳቀ። እኔ ሰኮናው መሬት በመታ ቁጥር እንጨት ሲሰበር የሰማሁ እየመሰለኝ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሁለት ጊዜ ሜዳውን ዞረው ሲመለሱ ሸሚዜ በላብ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኮርቻውን ተሸክመው ዳሷ ድረስ መጡ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውስጥ ገቡ።

"ፍታው" አሉኝ።

ቆዳውን በቢላዋ ቀደድኩት። ኮላው ተፈርፍሮ ወደቀ። ስንጥቁ ከዳር ተነስቶ እንጨቱን አቋርጦ ሊጨርስ የቀረው አንድ ጣት ነበር።

"ያን ዕለት ሳንኳኳው ድምፁ የታፈነ ነበር" አሉ። "በቋንቋዬ 'ይነግረኛል' ነው ያልኩት። ጠበቅሁ። ዛሬ ልጓሙን ስትይዝማ፣ አሁን ሊናገር ነው አልኩ።"

"ታዲያ ለምን ጋለቡበት?"

"ያ ሁሉ ሰው እያየ ብወርድ ምን እላለሁ? የልጄ ባል የሠራው ኮርቻ ስንጥቅ ነው ልበል?" ስንጥቁን በጣታቸው ዳበሱት። "ፈርቼ ነበር፣ ልጄ። በጣም ፈርቼ ነበር።"

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሱኝ። "ሌላ ሥራልኝ። አትቸኩል" ብለው ሄዱ።

ሁለተኛው ኮርቻ ዓመት ፈጀ። ዋንዛውን በጥላ አደረቅሁት፤ እያንዳንዱን እንጨት ስንት ጊዜ እንዳንኳኳሁ አላውቅም፤ ቆዳውን ከመስፋቴ በፊት በፀሐይ ብርሃን እያገላበጥኩ አየሁት። አማቴ ሊወስዱት ሲመጡ ጣታቸውን እስኪያነሱ ጠበቅሁ። አላነሱም። አልገለበጡትም፤ ጆሯቸውን አላስጠጉም። ፈረሱ ላይ ጭነው፣ ጠፍሩን አጥብቀው፣ ወጡበትና ሄዱ። ኮርቻው ምንም እንከን አልነበረበትም። እኔ ግን እሳቸው ከዓይኔ እስኪሰወሩ ድረስ ደጃፌ ላይ ቆሜ፣ እንዲያ አምነውኝ ስለሄዱ፣ ባለፈው ዓመት ከፈራሁት ይበልጥ ፈራሁ።