የተቆረጠ አድራሻ

ክብሪትን በደንብ አውቃታለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ልብስ ፋብሪካው ውስጥ እሷ የኮምፒውተር ክፍል ናት፤ እኔ ተኳሽ ነኝ። የልብስ ተኩስ ማለቴ ነው፤ ካውያ ይዤ የምውል ሰው ነኝ። የምንገናኘው ሻይ ክበብ ውስጥ ነው፣ እሱም ሌላ ወንበር ሲጠፋ። ስለ እሷ መጻፍ የሚገባው የሚቀርባት ሰው ነበር። የሚጽፍ ግን አላየሁም።

ክብሪት ያልናት ቅጥነቷን አይተን ብቻ አይደለም። ጫር ካደረጓት ትነዳለች። ሻዩን ኮምፒውተር ላይ ያስቀመጠ ሰው፣ በሩን ወርውሮ የሚዘጋ ሰው፣ "ማሽኑ እምቢ አለ" ብሎ ምን እንዳደረገው የማይናገር ሰው ሁሉ ከእሷ የሚደርስበትን ያውቃል። ቂም ግን የላትም። ቦግ ትልና ትጠፋለች፤ ከዚያ ያንኑ የሰደበችውን ሰው ሻይ ትጋብዛለች። በእህቷ ነገር ግን ቶሎ አልጠፋችም።

እህቷን ሁላችንም "እትዬ" ነው የምንላት። ጨርቅ ቆራጭ ናት። ድሮ በእጅ መቀስ ትቆርጥ ነበር፤ አሁን ረጅም ጠረጴዛ አለ፣ ምላጩ በኮምፒውተር ትእዛዝ እየሄደ ይቆርጣል። እትዬ ጨርቁን ታነጥፋለች፣ የልብሱን ቅድ፣ ማለትም የመቁረጫ ንድፉን፣ ስክሪኑ ላይ ትከፍታለች፣ ቁልፉን ትጫናለች።

ፋብሪካው አሮጌውን ኮምፒውተር በአዲስ ለወጠ። ጠረጴዛው ያው ነው፤ የአዲሱ ኮምፒውተር አንጎል ግን ሌላ ዓይነት ነው አሉ። ሁለቱን የሚያግባባው ፕሮግራም "ድራይቨር" ይባላል። እሱን ለአዲሱ እንዲስማማ አድርጎ የሚጽፍ ባለሙያ በውል መጣ። ተኩስ ክፍል ይህን ስንሰማ ተሳሳቅን።

"ማሽኑም ሾፌር አለው?"

"መንጃ ፈቃዱን አይታችኋል?"

ቀልዳችን እውነት ሆኖ አረፈው። ባለሙያው ሥራውን አስረክቦ ሄደ፤ ጠረጴዛውም ብዙ ቀን ደህና ሠራ። ውኃ ሲወስድ አሳስቆ ነው።

ከዚያ ምላጩ አንዳንዴ መሳት ጀመረ። ኮት ሲቆርጥ ቆይቶ መሐል ላይ የሱሪ እግር ያወጣል፤ ያውም ሥራ በበዛበት ቀን ብቻ። መጀመሪያ የደረሰው ረጅሙ ላይ ነው። ረጅሙ የምንለው ከእትዬ ጋር እየተፈራረቀ የሚሠራ ቆራጭ ነበር። የተማሪዎች ዩኒፎርም በሚሰፋበት ወቅት በእሱ ተራ አንድ ጥቅል ጨርቅ ተበላሸ። "እጄ አይደለም፣ ማሽኑ ነው" አለ። ክብሪት ተጠራች። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሳችው፣ አንድ ቅድ ከፍታ ሞከረችው፣ ልክ ቆረጠ። "ማሽኑ ደህና ነው" አለች። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል የሠራተኞች ተወካይ ያደረጉት እኔን ነው። ረጅሙ ተባረረ፤ የምሳ ዕቃውን ይዞ በዚያው ወጣ።

ቀጥሎ እትዬ ላይ ደረሰ። የምርት ኃላፊው ጠርቶ፣ "እትዬ፣ ደክሞሻል። ዕድሜም አለ። ጉዳዩ እስኪታይ እቤት ቆዪ" አላት። እትዬ ሽርጧን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችውም፣ ክብሪትን ያስተማረችውም በዚያ ሽርጥ ነው። ከተባረረች በዚህ ዕድሜዋ ማን ይቀጥራታል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክብሪት ከወንበሯ አልነሳ አለች። ሻይ ሲወስዱላት "ከፊቴ ዞር በሉ" ነው። እንዲህ ሰንብታ፣ ኃላፊውንም እትዬንም እኔንም መቁረጫ ክፍል ጠራችን። ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ ፋንታ ቡናማ ወረቀት አንጥፋለች። ስክሪኑ ላይ የኮቱም፣ የሱሪውም፣ የሸሚዙም ቅድ ተደራርቦ ተከፍቷል፤ ሥራ በበዛበት ቀን እንደሚሆነው።

"እትዬ፣ እዚያ ተቀመጪ። እጅሽን ጭንቅላትሽ ላይ አድርጊ።"

"አንቺ ልጅ፣ እስረኛ አደረግሽኝ እኮ!"

"አድርጊ ብያለሁ!" አለችና ወደ ኃላፊው ዞረች። "እርስዎ ይጫኑት።"

"እኔ?"

"እርስዎ። አልደከሙም አይደል?"

ተጫነው። ምላጩ የኮቱን ጀርባ ጀመረ፣ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ እጅጌው ጋ ሲደርስ ዘወር አለና ወረቀቱ መሐል የሸሚዝ ኮሌታ ቆርጦ አወጣ። ክብሪት ኮሌታውን አንስታ ኃላፊው አንገት ላይ ለካችው።

"ልክዎ ነው። እርስዎም ደክመዋል እንዴ?"

እትዬ እጇ ጭንቅላቷ ላይ እንዳለ ሳቀች። ኃላፊው አልሳቀም።

"ምንድን ነው ነገሩ?" አለ።

"ቅዱ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠበት ቦታ አድራሻ አለው። የአሮጌው ኮምፒውተር አድራሻ አጭር ነበር፤ የአዲሱ እጥፍ ነው። ያ በውል የመጣው ሰውዬ አድራሻውን የሚይዘውን ሣጥን በድሮው ልክ ተወው። እጥፉ ሲገባበት የፊቱ ግማሽ ይቆረጣል።"

"ታዲያ ሁልጊዜ ለምን አይሳሳትም?"

"የቤትዎ ቁጥር ዜሮ ዜሮ አርባ ሁለት ቢሆን፣ ዜሮዎቹን ብቆርጣቸው እንግዳ ይጠፋብዎታል? አይጠፋም። አሥራ ሦስት አርባ ሁለት ቢሆንስ? አሥራ ሦስቱን ብቆርጠው እንግዳዎ የሌላ ሰው ቤት ገብቶ እራቱን ይበላል። ሥራ ሲቀል ቅዱ ቅርብ ቦታ ነው የሚቀመጠው፤ የፊት ቁጥሩ ሁሉ ዜሮ ነው፣ ቢቆረጥም የሚጎድል የለም። ሥራ ሲበዛ ግን ቅርቡ ይሞላና ራቅ ያለ ቦታ ይሰጠዋል። ያኔ የኮት ቅድ ፍለጋ የሄደው የሸሚዝ ቤት ይገባል። ሰውም የሚደክመው ሥራ ሲበዛ ነዋ! ስለዚህ ጥፋቱ ሁልጊዜ ሰው ላይ ይላከካል።"

ኃላፊው ግራ ቀኙን አየ። "በይ እሺ፣ ቀስ ብለሽ አስተካክዪው። ወሬ አናብዛ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።"

ይሄኔ ነደደች።

"ዝም? ኮምፒውተሩ እኮ ዝም አላለም! ፕሮግራሙ ሲዘጋጅ 'ይህ ሣጥን አይበቃም' ብሎ ራሱ አስጠንቅቋል። ሰውዬው ምን አደረገ? ማስጠንቀቂያውን አታሳየኝ የሚል ትእዛዝ ጻፈበት፣ አድራሻውን በግድ ጠቅጥቆ አስገባው። እናንተም ቶሎ ይድረስ እንጂ ምን አስጨነቃችሁ! ኮምፒውተር 'ተሳስታችኋል' ሲል ጆሮ ዳባ ልበስ፤ እትዬ 'እኔ አይደለሁም' ስትል ጆሮ ዳባ ልበስ! የምን ዝንብ ነው የሚሉኝ? በዚህ በተዘጋ አፍ ዝሆን ነው የገባው!"

ኃላፊው ወጥቶ ሄደ።

ክብሪት ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች በርብራ ጠባብ የቀረውን ሣጥን ሁሉ በአዲሱ ልክ አሰፋችው። እትዬም ተመለሰች። ሽርጧን ዘርግታ ስታስር መቁረጫ ክፍሉ አጨበጨበላት። እኔም እንደ ምንም ደፍሬ፣ "ታላቂቱ ቆራጭ፣ ታናሺቱ ቆራጥ" አልኩ። የሳቀልኝ አንድ ሰው ነው።

በማግስቱ ሻይ ክበብ ውስጥ ወንበር ጠፍቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። አሁንም አልበረደላትም።

"ይቅርታ እንኳ አላላትም እኮ ጋሼ! ሰው አዋርደህ፣ እቤቱ አስቀምጠህ፣ ጥፋቱ የራስህ ሲሆን አፍህ ይታሰራል? ሄዶ 'በድዬሻለሁ' ቢላት ምን ይቀንስበታል?"

እኔ የማስበው ሌላ ነበር። ረጅሙን ሰሞኑን አይቼዋለሁ፤ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሞ ካልሲ ይሸጣል። አንድ ጥንድ ከእሱ ገዛሁ። ስለ ፋብሪካው አልጠየቀኝም፣ እኔም አላነሳሁበትም። ሰውን መጠየቅ አይሆንልኝም፤ ብርጭቆዬን ሳዞር ቆየሁ።

"ክብሪት።"

"አቤት ጋሼ።"

"ያን ቀን፣ ረጅሙ ማሽኑ ነው ያለ ቀን፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ አስነሳሽው። ቦታው ሁሉ ባዶ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ የከፈትሽው አንድ ቅድ ነው፤ ቅርብ ቦታ ያረፈ።"

ማንኪያዋ ብርጭቆው ውስጥ ቆመ። "እና?"

"ለረጅሙ ማን ይንገረው?"

የምትነድ መስሎኝ ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብ አደረግሁ። አልነደደችም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ከዚያ ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች።

"ይሄን አትጠይቀኝ ጋሼ" አለች።