ሳይከፈት የቀረው ማዳበሪያ

ሰበታ ውስጥ የምኖርበት ቅያስ አንድ መግቢያ ብቻ ያለው፣ ባጃጅ ገብቶ ለመዞር የሚቸገርበት ጠባብ መንገድ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የዚህ ቅያስ የጸጥታ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነኝ። ለዚህ ኃላፊነት የበቃሁት በጉልበቴ አይደለም። ዘመኔን ሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስብሰባ ስመራና ቃለ ጉባኤ ሳርም ስለኖርኩ፣ ጎረቤቶቼ ሌባም ሥርዓት ያለው ስብሰባ ሲያይ የሚሸሽ ሳይመስላቸው አልቀረም። ምርጫው በእጅ ማውጣት የተካሄደና ተቃውሞ ያልቀረበበት መሆኑን ግን ማንም ባይጠይቀኝም መግለጽ እወዳለሁ።

ነገሩ የጀመረው በውሃ ቆጣሪ ነው። በየበራችን ሥር የተተከሉት ቆጣሪዎች በየተራ እየተፈቱ ይወሰዱ ጀመር። ከሁላችን የባሰ የተጎዱት በቅያሱ አፍ ላይ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ጎረቤቴ ነበሩ። ቆጣሪው ተነቅሎ ውሃው ሲፈስ አድሮ ሱቃቸው ገባ፤ ጠዋት በሩን ሲከፍቱ ታችኛው መደርደሪያ ላይ የነበረው ጣቃ ሁሉ ርሶ አገኙት። ከሰሜን መጥተው ብቻቸውን ያቆሙት ሱቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ኮሽ ባለ ቁጥር የሚነሡ ሴት ሆኑ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የእሳቸውን ስጋት አቃልሎ እንዳይነበብብኝ አደራ እላለሁ።

በእድሩ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተሰብስበን፣ አዋጥተን ካሜራ እንድንገዛ ወሰንን። ክርክር የተነሣው ካሜራውን ማን ይመልከት በሚለው ላይ ነበር። መንደሩ ሁሉ “ኦቦ” ብቻ ብሎ የሚጠራቸው፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ የግድግዳ ጎረቤቴ ተነሡ።

“አንድ ሰው ብቻ ካየ ንጉሥ ይሆንብናል” አሉ። “ሁላችንም ካዋጣን ሁላችንም እንይ።”

ሐሳቡ እጅግ ዴሞክራሲያዊ ሆኖ ስላገኘሁት ከሊቀመንበር በማይጠበቅ ሙቀት ደገፍኩት። ካሜራውን ለመስቀል ከቡራዩ የመጣው ባለሙያ ምስሉን የእድርተኛው ሁሉ ስልክ ላይ እንዲጭን ስንነግረው ከመሰላሉ ላይ ዘወር ብሎ አየን።

“ጋሼ፣ ይሄን ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ነው የሚይዘው” አለኝ።

“እኛ በእኩልነት ነው የምንሠራው” ብዬ በኩራት መለስኩለት።

የቆጣሪው ሌባ ከዚያ ወዲህ ዝር አላለም። በእሱ ፈንታ የተያዝነው እኛ ነን። ከግሮሰሪ የሚመለሱ አባወራዎች ካሜራው የተሰቀለበት ምሰሶ ሥር ሲደርሱ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብለው መራመድ ጀመሩ። ኦቦ በየማለዳው ቆም ብለው፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው ካሜራውን በኦሮምኛ “አካም ቡልተን” ብለው እንዴት አደርክ ይሉታል። ምክንያቱን ስጠይቃቸው “ቤቱ ሁሉ እያየኝ ዝም ብዬ ባልፍ ኩራተኛ ይሉኛል” አሉኝ። አንድ ቀን መግቢያው ላይ ከቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ቆሜ ስጫወት ስልኬ ጠራ። ባለቤቴ ናት።

“እጅህን እያወናጨፍክ ምን ታወራለህ? የያዝከው ዳቦ እኮ ቀዘቀዘ።”

በሥራ ዘመኔ ብዙ አለቆች አልፈውብኛል፤ እንዲህ ያለ ክትትል ግን ከአንዳቸውም አልደረሰብኝም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሳቅ ነበር። ኦቦ ከግቢያቸው በስተጀርባ ያለችውን አንዲት ክፍል ለአንዲት ወጣት አከራይተዋል። ከደቡብ መጥታ እዚሁ ሰበታ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ፣ ቤተ ክርስቲያኗን የማታስታጉል ጴንጤ ናት፤ ሁልጊዜም “ጌታ ይባርክዎት” ብላኝ ታልፋለች። እሑድ እሑድ ከሰዓት አንድ ሰው እስከ አፉ የተሞላ ነጭ ማዳበሪያ ተሸክሞ ይመጣላታል። ግቢ አይገባም። በር ላይ ያስረክባታል፣ ጥቂት ይነጋገራሉ፣ ያለፈውን ባዶ ማዳበሪያ አጥፎ ብብቱ ሥር ይዞ ይሄዳል። ኦቦ አንድ ጊዜ ከየት እንደሚመጣ ጠይቀውት “ከሱሉልታ” ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሰም።

ይህን የሚያሳይ ምስል ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። አንዱ “መሣሪያ ይሆናል” ብሎ ጻፈ። ሌላው “ኧረ ድንች ነው” አለ። “ሰበታ ድንች ጠፍቶ ነው ከሱሉልታ የሚመጣው?” የሚል መልስ ተከተለው። ከዚያ በኋላ ማንም ድንች ነው ብሎ የደፈረ የለም። በመጨረሻ ባለ ሱቋ ጎረቤቴ ለኦቦ ቁርጡን ነገሯቸው፦ ልጅቷ ወይ ማዳበሪያውን ከፍታ ታሳይ፣ ወይ በወሩ መጨረሻ ቤቱን ትልቀቅ።

ለልጅቷ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የፋብሪካው ሰርቪስ ንጋት ላይ የሚያነሣት ከቅያሳችን አፍ ነው። ክፍሏን ካጣች ሥራውንም ልታጣ ትችላለች፤ ተጠርጥራ የወጣችን ተከራይ ደግሞ ሌላ አከራይ አይቀበልም። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ይደርሳል።

በዚያው ሰሞን በሬዲዮ ስለ አገር ደህንነትና ስለ ዜጎች ግላዊነት ሲወያዩ ሰማሁ። ተወያዮቹ ሁለቱን በሚዛን ላይ ስለማስቀመጥ በሰፊው ተናገሩ። የእኛ ሚዛን ግን ከፊቴ ነበር፤ በአንዱ ወገን የራሰ ጣቃ፣ በሌላው ወገን ነጭ ማዳበሪያ። የትኛው እንደሚከብድ ሬዲዮው አልነገረኝም።

ስብሰባው ተጠራ። ልጅቷ ከሥራ በቀጥታ መጥታ፣ የፋብሪካ ጋዋኗን ሳታወልቅ ከፊታችን ቆመች።

“ልጄ፣ ማዳበሪያውን ብታሳዪን ጉዳዩ እዚሁ ያልቃል” አልኳት።

“አልከፍተውም ጋሼ። ክፉ ነገር የለበትም፤ ግን አልከፍተውም።”

“ክፉ ካልሆነ ምን አስደበቀሽ?” አሉ ባለ ሱቋ።

“የኔ ስለሆነ ነው እትዬ።”

ጉርምርምታ ተነሣ። ኦቦ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“እንግዲያው በተራ ይሁን። መጀመሪያ ሊቀመንበራችን ባለፈው ረቡዕ ይዞት የገባው ጥቁር ፌስታል ይከፈት። ያውም በጾም ቀን፣ በኮቱ ሸፍኖ።”

ጥላው ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ፤ ያልሳቀችው ባለቤቴ ብቻ ናት። የዚያን ዕለት እኅቷ ዘንድ ስለነበረች ምስሉን አላየችውም።

“የትኛው ፌስታል?” አለች።

“አጀንዳ ውስጥ የለም” አልኩ።

“የእሷስ ማዳበሪያ አጀንዳ ውስጥ በማን ፈቃድ ገባ?” አሉ ኦቦ።

ከዚያ በኋላ ስብሰባውን መምራት አልቻልኩም። የአንዱ ካርቶን፣ የሌላው ጀሪካን፣ የሦስተኛው ከሰዓት በኋላ እንግዳ በየተራ ተነሣ። ሁሉም ሰው በስልኩ ያየውን እስካሁን በሆዱ ይዞት ኖሯል። በመሀል ከኋላ በኩል አንዱ “እትዬስ ቢሆኑ? ማክሰኞ ማክሰኞ በጀርባ በር የሚገባው ሰውዬ ማነው?” አለ።

“ወጌሻ ነው” አሉ ባለ ሱቋ በቁጣ። “ወገቤን የሚያሸኝ ወጌሻ ነው።”

ብለው ሳይጨርሱ ከንፈራቸውን ነከሱ። ያን ሁሉ ጣቃ ብቻቸውን የሚያነሡና የሚያወርዱ ሴት ናቸው፤ ወገባቸው መታመሙን ለማንም ተናግረው አያውቁም። አቃታት ተብሎ እንዳይወራባቸው ሸሽገውት የኖሩትን ነገር አሁን እድርተኛው ሁሉ ሰማው። የጠየቀው ሰው መሬት መሬት አየ። ሳቁ ቆመ። ልጅቷ በአጠገቧ የነበረውን መደገፊያ ያለውን ወንበር አምጥታ ከጎናቸው አኖረችላቸው። ጥቂት አመንትተው ተቀመጡበት።

እሳቸው ሲቀመጡ እኔ ተነሣሁ። ልጅቷ ተከራይ እንጂ እድርተኛ እንዳልሆነች አስታወስኳቸው። ካሜራው ሲወሰን ድምፅ አልሰጠችም፤ ምስሉም በስልኳ አይታይም። እኛ እናያታለን፣ እሷ አታየንም። በዕድሜ ልክ የሥራ ልምዴ፣ ውሳኔው የሚመለከተው ሰው ያልተሰማበትን ቃለ ጉባኤ ፈርሜ አላውቅም፤ ይህንንም አልፈርምም አልኩ። ወንጀል የጠረጠረ ሰው ወደ ፖሊስ ይሂድ፤ ፖሊስ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ ከመጣ ማዳበሪያው ይከፈታል። እኛ ግን ፖሊስም ፍርድ ቤትም አይደለንም። ካሜራው ፊቱን ከየበራችን አንሥቶ ወደ ቅያሱ አፍና ወደ ዋናው መንገድ ያዙር፤ ምስሉም ከሁላችን ስልክ ወጥቶ በኦቦና በባለ ሱቋ እጅ ብቻ ይሁን፣ የሚከፍቱትም ሁለቱም ባሉበት፣ ዕቃ ሲጠፋ ብቻ ነው። እነዚህን ሁለት ሰዎች የመረጥኩት በአንድም ጉዳይ ተስማምተው ስለማያውቁ መሆኑን በስብሰባው ላይ አልገለጽኩም።

ባለ ሱቋን አየኋቸው። እጃቸው የወጣው ከሁሉ ዘግይቶ ነው፤ ግን ወጣ።

ልጅቷ በክፍሏ ቀረች። ውሳኔያችን ዋጋ አላስከፈለንም ብል ግን ውሸት ይሆናል። ብዙም ሳይቆይ ከደጄ ላይ አምፖሉ ተሰረቀ፤ ካሜራው ቀድሞ ያይ በነበረበት፣ አሁን በማያይበት በኩል። በጨለማው ተደናቅፌ ጉልበቴን ላጥኩ። ባለ ሱቋ ሳነክስ አይተው ከሱቃቸው ደጃፍ ጠሩኝ።

“ጋሼ፣ ግላዊነትዎ እንዴት ነው?”

“ደህና ነው” አልኳቸው፤ በሙሉ ልብ ባይሆንም።

“ወጌሻዬን ልላክልዎት?”

ባለቤቴ በበኩሏ ስለ ፌስታሉ መጠየቅ አላቆመችም። ለእሷም ሆነ ለአንባቢ አልናገርም፤ የመርሕ ጉዳይ ነው።

ባለፈው እሑድ ያ የሱሉልታ ሰው መጣ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ያመጣው ባጃጅ ጭቃውን ፈርቶ መግቢያው ላይ አራገፈው። ብቻውን ሲታገል አይቼ የማዳበሪያውን አንድ ጫፍ ያዝኩለት። ስንራመድ ውስጡ ያለው ነገር ወደ እኔ ወገን ተንሸራተተ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቅ ኖሮ፣ እኔን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ፤ እጄን እንጂ ዓይኔን አላየችም።

“የሱሉልታ መንገድ እንዴት ነው?” አልኩት ሰውዬውን።

“ጭቃ ነው ጋሼ። ከላይ ደግሞ ጉም።”

ጫፉን ለእሷ ለቀቅኩላት። “ጌታ ይባርክዎት” አለችኝ፣ ድምፅዋ ከወትሮው ዝግ ብሎ። በሩ እስኪዘጋ አልቆየሁም።

ባለቤቴ እጆቿን በሽርጧ እየጠረገች ደጃችን ላይ ደረሰችብኝ። ያለ ካሜራም ታያለች።

“ተሸከምከው አይደል? ምንድን ነው?”

“ከባድ ነው” አልኳት።

“ይኸው ነው?”

“ይኸው ነው” ብዬ ጫማዬን ለማጠብ ወደ ቧንቧው ሄድኩ።