አሜን ያልንበት ስብሰባ

ቡሬ ስሄድ በዚያ ሕንጻ ፊት ለፊት አላልፍም። ከመናኸሪያ ወደ አባቴ ቤት የሚያደርሰው አጭሩ መንገድ በዚያ ነው፤ እኔ ግን «በእህል ተራ በኩል አዙረህ ውሰደኝ» እላለሁ። ባለባጃጆቹ ይገረማሉ። «እትዬ፣ በዚህ እኮ ይቀርባል» ይሉኛል። ይቅረብ! ከታች ሱቅ፣ ከመሃል ቢሮ፣ ከላይ መኖሪያ ተብሎ የተሠራውን ያንን ባለመስታወት ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። የቆመው እኛ ሰፈር ላይ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ደግሞ የቆመው በአባቴ ምርቃት ላይ ነው።

አባቴ መራቂ ነበር። ቄስ አይደለም፤ ዕድሜውን ሁሉ እህል ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። ሆኖም በሰፈራችን ሰርግ ሲደገስ፣ የተጣላ ሲታረቅ፣ ልጅ ለትምህርት ርቆ ሲሄድ የሚጠራው እሱ ነበር። ከመቀመጫው ይነሳል፣ ጋቢውን ያስተካክላል፣ ሁለት እጁን ይዘረጋል፤ ከዚያ ሳይቸኩል ቃሉን እየለየ ይመርቃል። ሰዉም በየመሃሉ «አሜን» ይላል።

እኛ ዘንድ ጎንበስ ብሎ «ይመርቁኝ» ያለን ሰው እምቢ ማለት ነውር ነው። ባላጋራህም ቢሆን ትመርቀዋለህ፤ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይቀጥላል። ሽምግልናም የሚከፈተው በምርቃት ነው። ተመርቆ ሲያበቃ ሁሉም የሆዱን ዘርግፎ ይጨቃጨቃል። ይህን የማያውቅ የጎጃም ሰው የለም። የከተማው ሹሞችም ከሌላ አገር የመጡ አልነበሩም፤ የእኛው ልጆች ናቸው፤ አሳምረው ያውቁ ነበር። እኔን የሚያበግነኝም ይኸው ነው።

ዘመኑ «ልማት» የሚለው ቃል ከእግዜር ሰላምታ የሚቀድምበት ዘመን ነበር። በዋናው መንገድ ዳር ያለ ሰው ደረጃውን የጠበቀ ፎቅ ካልሠራ ይነሳል ተባለ። የእኛ ሰፈር ደግሞ መንገድ ዳር ነው። ጭቃ ቤቶቻችን እርስ በርስ ተደጋግፈው የቆሙ፣ ውኃ ከአንድ ጉድጓድ የምንቀዳ፣ በአንዱ ጓሮ የተቀቀለ ድንች ለሁሉም የሚዳረስበት ሰፈር። ማን ፎቅ ይሠራል? ብዙ ሳይቆይ አንድ ባለሀብት ቦታውን ጠቅልሎ ወስዶ ትልቅ ሕንጻ ሊያቆምበት ነው የሚል ወሬ መጣ።

ሰፈሩ በአንድ ድምፅ ተቃወመ ብል እዋሻለሁ። ጠላ የምትሸጠው ጎረቤታችን «እኔስ ይፍረስልኝ! ክረምት በመጣ ቁጥር ከጣራው ስር ሳፋ መደርደር ሰልችቶኛል» አለች። ከሕንጻው ስር ሱቅ ይደርስሻል ብለው ሹክ ብለዋታል። ወጣቶቹም ቡሬ ባሕር ዳርን ልታክል ነው ብለው ተደሰቱ። አጠገባችን በረንዳ ላይ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ ግን በቁጣ ሊፈነዳ ደረሰ። «ደንበኛዬ እኔን የሚያውቀኝ በዚህ በረንዳ ነው። ነገ የት ብሎ ይፈልገኛል?» ይላል።

በመጨረሻ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ተመከረበት። የማስተምርበት የፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤት ዕረፍት ላይ ስለነበር እኔም አባቴ ዘንድ ነበርሁ። ሕንጻው ይሠራ፤ ነገር ግን ሲያልቅ በየቦታችን እንመለስ፣ ካልሆነም እኛው ተደራጅተን እንሥራው፤ የተስማሙት በዚህ ነው። ጠላ ሻጯም ብትሆን «ይሁን» አለች። ተናጋሪ ሆኖ የተመረጠው ልብስ ሰፊው ነው። «ብቻዬን ቆሜ ነገር እንዳያጣምሙብኝ» ብሎ ሲሰጋ፣ አባቴ «አንተ ተናገር፤ እኔ ከጎንህ እቆማለሁ» አለው። ቃሉን ሰጠ።

ስብሰባው በቀበሌው አዳራሽ ሆነ። ከመድረኩ የነበረው ሹም ወጣት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አባቴ መርቆ የሸኘው ልጅ። የአባቴ ደስታ! «አያችሁት? ትልቅ ሰው ሆነ» አለን ገና ሲያየው። ልጁ ከመድረኩ ወረደ። ኮፍያውን አወለቀ። በሰው መሃል አልፎ መጣና አባቴ ፊት ጎንበስ አለ።

«አባታችን፣ ስብሰባችንን በምርቃት ይክፈቱልን።»

አባቴ ተነሳ። ጋቢውን አስተካከለ።

«እግዚአብሔር አገራችንን ሰላም ያድርግልን።»

«አሜን!»

«የጀመራችሁትን ለፍጻሜ ያብቃችሁ። ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ።»

«አሜን!»

«በፍቅር ተነጋግረን በፍቅር የምንለያይ ያድርገን።»

«አሜን!»

አሜን ያላለ አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ምርቃት ሲሰማ አፍ በራሱ ይከፈታል፣ ማን ያስብበታል? ልጁ የአባቴን ጉልበት ሳመና ወደ መድረኩ ተመለሰ። ከጎኑ የተቀመጠው ሰው አቀርቅሮ ቃለ ጉባኤ ይጽፋል።

«እናመሰግናለን» አለ ልጁ። «እንግዲህ አባታችን ልማቱን መርቀውታል። ሕዝባችንም በአንድ ድምፅ አሜን ብሎ ተቀብሎታል። አሁን የሚቀረን አነሳሳችሁ እንዴት ይሁን የሚለውን መነጋገር ብቻ ነው።»

መጀመሪያ በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። ልብስ ሰፊው ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ኧረ ቆይ እንጂ! ገና መች ተነጋገርን? እኛ እኮ ሐሳብ ይዘን ነው የመጣነው።»

«አሁን አሜን ሲሉ ሰምቼዎታለሁ» አለ ልጁ ፈገግ ብሎ። «ወዲያው ሐሳብዎን ቀየሩ?»

ከፊት የተቀመጡት ሳቁ። እነማን እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን፤ በየስብሰባው ለማጨብጨብ ፊት የሚቀመጡ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ «ይኼ ፀረ ልማት ነው!» ብሎ ጮኸ። በዚያ ዘመን ይህ ቀልድ አልነበረም። ልብስ ሰፊው ዞር ብሎ አባቴን አየው። አባቴም ቃሉን አላጠፈም፤ ተነስቶ ከጎኑ ቆመ።

«ልጄ፣ እኔ የመረቅሁት እኮ ስብሰባውን ነው። ነገሩን ገና መች ሰማሁትና? እንስማው፣ እንነጋገር።»

ያ ልጅ ያን ጊዜ ያለው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ድምፁን እንኳ አላነሳም።

«አባታችን፣ የመረቁትን ሊረግሙ ነው?»

አባቴ እንዲህ ተብሎ እጠየቃለሁ ብሎ መች አስቦ ያውቃል? ከምርቃቱ በኋላ «እኔ እንዲህ አላልሁም» ማለት ለእሱ እግዜርን መካድ ነው። ልጁ ይህን ያውቃል። በአባቴ ምርቃት አድጎ፣ ተምሮ፣ መጥቶ በዚያው አሰረው። አባቴ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊው ብቻውን ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ እሱም ተቀመጠ። እኔ ከኋላ ሆኜ «ይኼ ማታለል ነው!» ብዬ ጮህሁ። ወዲያው ጭብጨባ ተነሳና ዋጠኝ።

ሰፈሩ ሲፈርስ ወቀሳው ያረፈው በማን ላይ ነው? በባለሀብቱ? በሹሙ? በአባቴ ላይ! «እሱ ባይመርቅ ኖሮ» አሉ። አሜን ሲል ጉሮሮው ሊሰነጠቅ የደረሰው ሁሉ፣ አፉን ጠርጎ «እሱ ባይመርቅ ኖሮ» አለ። ሲያልፉ ሰላምታቸው ቀዘቀዘ። አንዷን በገበያ መሃል አግኝቻት «አንቺስ በማን አፍ ነው አሜን ያልሽው?» ብዬ ሰው እስኪሰበሰብ ተጣላኋት። አባቴ ሲሰማ እኔኑ ተቆጣኝ።

ምትክ ተብሎ የተሰጠን ቦታ ከከተማው ዳር ዋልካ መሬት ላይ ነው። ክረምት ባጃጅ አይገባበትም፤ በጋ ደግሞ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ግድግዳውን ይዞት ይሄዳል። አባቴ በየዓመቱ ስንጥቁን በጭቃ ይመርጋል። ለጠላ ሻጯ ከሕንጻው ስር ይደርስሻል የተባለው ሱቅ ኪራዩ የሚቀመስ አልነበረም፤ አሁን የሚነገድበት የሞባይል ቀፎ ነው። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ተሸክሞ ከገበያ ገበያ ይዞራል። ከላይ ያለው መኖሪያ ቤት ውስጥ የእኛ ሰፈር ሰው አንድም አይኖርም። እንግዲህ ልማቱ ይኸው ነው።

ሕንጻው ሲያልቅ ሹሞቹ ለምርቃቱ አባቴን እንዲወስድ መኪና ላኩ። አያፍሩም እኮ! እኔ በሩ ላይ ቆሜ ልሰድባቸው አፌን ስከፍት፣ አባቴ ከውስጥ «አሞታል በያቸው» አለኝ። አላመመውም። አባቴ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ሰው መመረቅ ተወ። የሚጠራውም አልነበረም። እኔ ያን ስብሰባ ይረሳዋል ብዬ ነበር።

ፍኖተ ሰላም ለልጄ ሽማግሌ የተላከ ጊዜ አባቴን ከቡሬ አስመጣሁት። አያቷ እያለ ማን ይመርቃታል? ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ ቆሙ፤ እንደ ወጉ ነገሩን ከመክፈታቸው በፊት ታላቃቸው ወደ አባቴ ጎንበስ አለ። «አባታችን፣ ይመርቁን» አለ። አባቴ በከዘራው ተደግፎ ተነሳ። ጋቢውን አስተካከለ። እጆቹን ዘረጋ። ከዚያ ቆመ። አንድ በአንድ እጃቸውን አየ፣ ከኋላ በሩ አጠገብ ያሉትንም ጭምር።

«የሚጽፍ ሰው አለ እንዴ?» አለ።

ሽማግሌዎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ልጄም ከጓዳ ስትስቅ ሰማኋት። አባቴ አልሳቀም። እጆቹ እንደተዘረጉ ናቸው፤ መልስ ይጠብቃል።

«የለም፣ አባ» አልሁት። «ማንም አይጽፍም። እኛው ነን።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ያን ጊዜ ጀመረ። ድምፁ በጣም ዝቅ ያለ ስለነበር ሽማግሌዎቹ መቼ አሜን እንደሚሉ አላወቁም። እኔ አጠገቡ ስለነበርሁ ሰማሁት፤ ብቻዬን አሜን አልሁ።