የአያ ታከለ ሁለት ዓይኖች

«ልጅ እያለሁ» ብዬ ወሬ ስጀምር እናቴ ሳቋን ትለቀዋለች። «አሁንስ ምን ሆነሽ ነው፣ ባልቴት?» ትለኛለች። ትሳቅ! ዐሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው ዘጠኝ ዓመቱን መናፈቅ አይችልም ያለው ማን ነው? እኔን ይናፍቀኛል። በተለይ የአጎቴ የምስጋናው ሱቅ ሽታ፤ የፕሪንተር ቀለም፣ ከማሽኑ ትኩስ የወጣ ወረቀት፣ ዝናብ የነካው የደንበኞች ጋቢ፣ ሁሉም ተቀላቅሎ።

ሱቁ ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ ነበር። አጎቴ ፎቶ ኮፒ ያነሣል፣ የሠርግ ጥሪ ያትማል፣ ባነር ይሠራል። ቅዳሜ ገበያተኛው ሲበዛበት ወረቀት አቀብለዋለሁ፤ ሥራው ቀዝቀዝ ሲል ዓይኔ ከኮምፒውተሩ አይነቀልም። አንድ ቀን የሙሽራ ፎቶ ሲያስተካክል ምስሉን እያጎላው፣ እያጎላው ሄደና ሙሽራዋ ጠፍታ ባለቀለም ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ብቻ ቀሩ። «ፒክስል ይባላሉ» አለኝ። ለእኔ የታየኝ ግን የእናቴ ስፌት ነው፤ ከቅርብ ሲያዩት ቀይና አረንጓዴ አክርማ ብቻ፣ ራቅ ሲሉ ግን አበባ። ነገሩ ስፌት ከሆነማ አያቅተኝም አልኩ።

ሌየር የሚባለውን ያስረዳኝ ደግሞ በደብተር መሸፈኛ ላስቲክ ነው። አንዱ ላስቲክ ላይ ተራራ ትሥያለሽ፤ በላዩ በሚደረበው ላይ በቅሎ፤ ከሁሉም በላይ ባለው ላይ ሰው። ሰውየውን ብታጠፊው ተራራው አይነካም። ስንት ሥዕል በላጲስ ፈትጌ ደብተሬን ለቀደድኩት ለእኔ፣ ይህ ተአምር ነበር።

ታዲያ በዚያው ሰሞን ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ጨነቅ ለሚወጡ ቱሪስቶች በቅሎ የሚያከራዩ ሰዎች ባነር አዘዙ። ተልከው የመጡት አያ ታከለ ነበሩ፤ ፂማቸው የነጣ፣ ቁጣቸው ቅርብ የሆነ ሽማግሌ። «በቅሎና ሰው ይኑርበት» ብለው ሄዱ። አጎቴ ከኢንተርኔት ፎቶ ሊያወርድ ሲል፣ «እኔ ልሣለው» አልኩ።

«አንቺ?»

«እኔ!»

ሳቀና ተወራረድን። አያ ታከለ ከወደዱት ቅዳሜ ቅዳሜ የኮምፒውተሩ ወንበር የእኔ ነው። ካልወደዱት ማውሱን ዳግመኛ አልነካም።

ከትምህርት ቤት መልስ እየሮጥኩ እመጣ ነበር። በማውስ መሣል እኮ በሙልጭልጭ ሳሙና እንደ መጻፍ ነው፤ እጅሽ ወዲህ ሲል መስመሩ ወዲያ ይላል። የሆነው ሆኖ ጨረስኩት። ተራራ፣ በቅሎ፣ በቅሎዋን የሚስቡ ሽማግሌ፤ በደጃችን ሲያልፉ እንደማያቸው፣ ከጎን።

አያ ታከለ መጡ። ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ስክሪኑን ትክ ብለው አዩት። ፊታቸው ጠቆረ።

«ይኼ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት፣ አያ» አልኩ በኩራት።

«እኔ? ባንድ ዓይን?» ድምፃቸው ሱቁን ሞላው። «አንቺ ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አይተሽ አታውቂም? ባንድ ዓይን የሚሣል ይሁዳ ነው! ባንድ ዓይን የሚሣል ሰይጣን ነው! እኔ ምን በደልኩሽ?»

ክው አልኩ። እውነታቸውን እኮ ነው። በየእሑዱ የማየው ነገር ነው፤ ጻድቁ ፊቱን ሙሉ ሰጥቶ በሁለት ዓይኑ ያያል፣ ክፉው በጎኑ ይሣላል። ማውሱን ስይዝ ግን ትዝ ያለኝ መንገዱ እንጂ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አልነበረም። አጎቴም «አይቆጡ አያ፣ ቆንጆ ፎቶ አወርድልዎታለሁ» አለና ወደ እኔ ዞሮ፣ «ተነሽ» አለኝ።

አልተነሣሁም። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ «መንገድ የሚሄድ ሰው ወደፊት ነው የሚያይ!» አልኩ። «ሊማሊሞ ላይ በቅሎ እየሳቡ ወደ እኛ ቢያዩ ገደል አይገቡም?»

አጎቴ አፉን ያዘ። አያ ታከለ ዱላቸውን አነሡ። «ምላሷን ተመልከትልኝ!» ብለው ወደ ውጭ አመሩ። ግን ቁጣው ገና አልወጣላቸውም፤ አንድ እግራቸው ከደጅ፣ አንዱ ከውስጥ እንደሆነ አንገታቸውን አዙረው በሁለቱም ዓይኖቻቸው አፈጠጡብኝ።

«አያ! በሞቴ፣ እንዲያ እንዳሉ ይቁሙ!»

«አበደች እንዴ?» አሉ ለአጎቴ። ግን ቆሙ።

የሰውየውን ሌየር ብቻ አጠፋሁ። ተራራውም በቅሎዋም ፍንክች አላሉም። እግሮቹ ወደፊት የሚሄዱ፣ ፊቱ ወደ ኋላ የዞረ ሰው መሣል ጀመርኩ።

«ልቀመጥ?»

«ኧረ አይቀመጡ!»

«አንገቴ እኮ ነው፣ የሰው አንገት!»

«ትንሽ ብቻ፣ አያ!»

ስጨርስ ቀርበው በጣታቸው ስክሪኑን እየነኩ «አንድ... ሁለት...» ብለው ዓይኖቻቸውን ቆጠሩ። አጎቴ ሊያሾፍ፣ «በቅሎዋስ? እሷም ባንድ ዓይን ናት» አላቸው። «እሷስ ይገባታል» አሉ አያ ታከለ፤ «አምና በእርግጫ ጥላኛለች።» ሁላችንም ሳቅን። አጎቴ ማውሱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

ዛሬ በስልኬ ላይ በጣቴ እሥላለሁ፤ ሌየሩም ቀለሙም እጄ ላይ ነው። የባነሩን ቀለም ፀሐይና የደባርቅ ንፋስ በልተውታል። የክፍሌ ልጆች ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሥዕል የሚሠራውን ፕሮግራም እያሳዩኝ፣ «ምን ያለፋሻል? ጻፊለትና ይሠራልሻል» ይሉኛል። ሞከርኩት። በቅሎ የሚስብ የሰሜን ሽማግሌ አልኩት፤ ሁለት ዓይን ያላቸው፣ የሚያምሩ ሽማግሌ ሠራልኝ። ግን ማንንም አያዩም። ማንም አናዷቸው አያውቅም።

የአያ ታከለን ባነር የሚያዩ ሰዎች አሁንም ይከራከራሉ። ወደ ኋላ ዞረው የሚያዩት በቅሎዋን ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ጭነቱን ነው ይላሉ። እኔ እስቃለሁ። የሚያዩት እኔን ነው። እኔም ይኸው፣ እስከ ዛሬ አልተነሣሁም።