የእማማ አሜን

የሰፈሩ ሰው ልብስ ሰፊዋን «እመት ጥቅስ» ይላታል፤ ፊት ለፊቷ አይደለም እንጂ። ዚፕ ስትቀይር ጥቅስ፣ ሱሪ ስታሳጥር ጥቅስ! በቀጠሮ የተጉላላ ደንበኛ ሲነጫነጭባት እንኳ ስለ ትዕግሥት አንድ ጥቅስ መርቃ ትሸኘዋለች። ጌታን ያመነች ሰሞን ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አልወስዳት ብሎ ሰንብቷል። ያኔ የነካት ነገር እውነት ነበር፤ ይህን ማንም አይክዳትም።

እማማ እስኪመጡ ድረስ ሁሉም ደኅና ነበር።

እማማ የባሏ እናት ናቸው። ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ አእምሯቸው ይሄድና ይመለሳል። ሲሄድ ይርቃል፣ ሲመለስ አይቆይም። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነውና ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ይከርማል። በስልክ «እናቴን አደራ» ሲላት «ምን አሳሰበህ? የእኔም እናት አይደሉ?» ትለዋለች። ስልኩ ሲዘጋ ግን ሌላ ሰው ናት። አንሶላውን ከሥራቸው መንጭቃ ታወጣዋለች፤ ስታጥባቸው እጇ ይከብዳል፤ ስታጎርሳቸው ማንኪያው ከጥርሳቸው ጋር ይጋጫል። የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ የሚባለው እሷው ሆና አረፈችው።

አታውቀውም እንዳትሉ ደግሞ። አሳምራ ታውቀዋለች፤ አንጀቷን የሚያሳርራትም ይኸው ነው። እሁድ ዕለት ሰባኪው ቃሉን በደስታ ተቀብሎ፣ ሥር ስለሌለው ግን ፀሐይ ሲከርር ስለሚደርቀው ሰው አስተማረ። ጎረቤቷ በክርኗ ጎሸም አደረገቻትና «ይሄ እንኳ ለባሌ ነበር፣ ቀረ እንጂ» ብላ ሳቀች። ልብስ ሰፊዋ ግን ሳቁ አልመጣላትም። ስለ እሷ የተነገረ መሰላት።

«ጌታዬ፣ የመንፈስህን ፍሬ በዘለላ አልጠየቅሁህም» ብላ አለቀሰች ቤቷ ገብታ። «አንዲት ፍሬ ብቻ! ለእኚህ ሴትዮ የምትሆን ትንሽ ትዕግሥት ስጠኝ። አለበለዚያ እኔ ክፉ ሰው መሆኔ ነው።»

በማግስቱ የመጣው ትዕግሥት አልነበረም፤ የመጣው የሙሽራዋ ቀሚስ ጣጣ ነው።

ቀሚሱ ነጭ ነው፤ ከወገቡ በታች ሙሉ ዳንቴል። ሙሽራዋ ከሰዓት በኋላ ልትወስደው ቀጠሮ አላት፤ የቀረው የጠርዙ ስፌት ብቻ ነበር። ክር አለቀባትና ሮጣ ከጎረቤት ሱቅ ገዝታ ተመለሰች። ተመልሳ ስትገባ መስቀያው ባዶ ነው። ወደ ውስጠኛው ክፍል ዘለቀች። እማማ ቀሚሱን ፍራሹ ላይ ዘርግተው፣ እጥፋቱን በመዳፋቸው ደልድለው፣ መሐሉ ላይ ተኝተዋል። ክፍሉ ሸቷል። ዳንቴሉ በሽንት በስብሷል።

«አንሶላውን ራሴ አነጠፍኩልሽ፣ ልጄ» አሉ ፊታቸው በርቶ። «እንዳትደክሚ ብዬ።»

ደሟ ፈላ። ዓይኗን ጨፍና፣ ሁለት እጇን ወደ ጣሪያው ሰቅላ፣ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች።

«እግዜር ይውሰድዎት! ዛሬውኑ ይውሰድዎትና ልረፍ!»

እሷ ጠዋት ጠዋት ከአልጋቸው አጠገብ ቆማ የምትጸልየውም እንዲሁ ነው፤ ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን ሰቅላ፣ እየጮኸች። እማማ ቃሉን አይሰሙም፤ የተሰቀለውን እጅ አይተው ነው የሚቀበሉት። ዛሬም እጇን አዩ። መዳፋቸውን ቀስ ብለው ዘረጉ።

«አሜን፣ ልጄ፣ አሜን! ለአንቺም እንዲሁ ያድርግልሽ።»

ክው አለች።

«አይ፣ እማማ! አይ! አሜን አይበሉ!»

ጸሎቱ የበረታ መሰላቸው። «አሜን! አሜን!» አሉ አብረው እየበረቱ። ከዚያ ደክሟቸው ዓይናቸውን ከደኑ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? አመለጣታ! እርግማኑ የእሷ፣ አሜኑ የእማማ፤ ምን ቀረው? አልጋው ጫፍ ላይ ተንበርክካ መዳፏን ከአፍንጫቸው ሥር አደረገች። ምንም የለም። ይበልጥ አስጠጋችው፤ ትንፋሽ ይኑር አይኑር መለየት አቃታት። ጥቅስ ፈለገች። ያን ሁሉ ዓመት የሸመደደችው አንድም አልመጣላትም። እንዲያ እንደ ውሃ ሲወርድላት የኖረው ሁሉ ጥሏት ጠፋ!

«አትስማኝ» አለች በመጨረሻ። ዕድሜዋን ሙሉ «ስማኝ» ስትል የኖረች ሴት «ጌታዬ፣ እኔን አትስማኝ። ምን እንደምል አላውቅም። ፍሬ የለኝም፣ ዛፍም አይደለሁም፣ እሾህ ነኝ። እሳቸው ግን ምን አጠፉ? ሊረዱኝ ነው እኮ የተነሡት!» እያለች ተንሰቀሰቀች። ለእማማ አዝና ይሁን የሰው ነፍስ በእጇ እንዳይጠፋ ፈርታ፣ እሷም አልለየችውም።

መዳፏ ላይ ትንሽ ሙቀት ተሰማት። ጠፋ። ደግሞ መጣ። እማማ ማንኮራፋት ጀመሩ።

ግንባሯን ፍራሹ ላይ ደፍታ ቆየች። ተለወጥኩ ብላ ለመነሣት ቸኩላ ነበር፤ እንደ ድሮው ነገ የምትመሰክረው ነገር አገኘች ማለት ነው። ወዲያው ክርኗ ሥር ሞቅ ያለ እርጥበት ተሰራጨ። እማማ በእንቅልፋቸው ደግመውታል፤ ደኅና የቀረው የቀሚሱ ወገብም ተበላሸ። ንዴቱ ያው እንደ ቀድሞው ከሆዷ ተነሥቶ አንገቷ ላይ ደረሰ። ወይ ፈጣሪ! ምንም ያልተነካ፣ ምንም ያልቀነሰ!

የውጭ በር ተንኳኳ። ሙሽራዋ ናት።

«አንዴ ቆዪ!» አለች ወደ በሩ። ጥርሷን ነክሳ እማማን ከወገባቸው ደገፈቻቸው። እጇ መመንጨቅ ፈለገ፤ ያዘችው። እንደገና ፈለገ፤ እንደገና ያዘችው።

«ቀስ ብለው ይዙሩልኝ፣ እማማ» አለች። «ቀስ ብለው።»