ውብነሽና እንክርዳዱ

እስቴ ውስጥ እህል የማትለቅም ሴት የለችም፤ ውብነሽን ያህል የለቀመች ግን እኔ አላየሁም። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ከመካነ ኢየሱስ ራቅ ባለችው መንደራችን የእኛና የእሷ ቤት በአንድ አጥር ይዋሰን ነበር። ጠዋት ከብት ሲወጣ ሰፌዷን ታቅፋ ደጃፏ ላይ ትቀመጣለች፤ ከብት ሲገባም እዚያው ናት። አላፊ አግዳሚው «እቴ ውብነሽ፣ ዛሬም?» ይላታል። «ጨርሻለሁ፣ አንዴ ልየውና ነው» ትላለች። ያቺ «አንዴ» ማለቂያ አልነበራትም።

የምትፈልገው እንክርዳድ ነው። እንክርዳድ ገብስና ስንዴ መሀል ተመሳስሎ ይበቅልና አብሮ ከተፈጨ የበላውን ሰው ያዞራል፣ ያሰክራል። አንድ ዓመት በሰው ተዝካር ላይ የቀረበ ዳቦ እንክርዳድ ኖሮበት ግማሹ እንግዳ እየተደጋገፈ ወደ ቤቱ ገባ። አንዱ ሽማግሌማ መንገድ ላይ ያገኙትን በሬ ኮፍያቸውን አውልቀው እጅ ነሡት። ሀገሩ አንድ ሰሞን ሲስቅበት ከረመና ረሳው። ዳቦውን ያልጋገረችው፣ እህሉንም ያልነካችው ውብነሽ ብቻ አልረሳችውም። ለምን እሷ ላይ እንደቀረ እሷም አታውቅም።

ከዚያ ወዲያ ሰው የምትገድል እየመሰላት ኖረች። ዓይኗ ንጹሕ እህል ያያል፤ ልቧ «ብትሳሳቺስ?» ይላታል። ያን ጊዜ ባሏን ደሴን ትጠራለች።

«ደሴ፣ እስቲ እየው፤ ንጹሕ ነው?»

«ንጹሕ ነው።»

«ማልልኝ።»

«ማርያምን ንጹሕ ነው!»

ፊቷ ይፈካል። ደሴ ሞፈሩን ተሸክሞ ከአጥር ሳይወጣ «ቆይ፣ ታችኛውንም አይተኸዋል?» ትለዋለች። ደሴ ደግ ሰው ነበር፤ ሳይሰለች ይምልላታል። የእስቴን ታቦት ሁሉ ምሎ ጨርሶ ወደ ጎረቤታችን ስማዳ ታቦቶች ተሻግሮ ነበር።

መንደሩስ ምን አለ? አማቶች ምራቶቻቸውን «ሴት ማለት ውብነሽ!» እያሉ ይነዘንዟቸዋል። ሌሎቹ ዛር አለባት ብለው ደመደሙ። እኔን የሚያናድደኝ የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ ሰው ሲሠቃይ እያዩ ሙያ አሉት። ዛሬ ሐኪም ቤት ስም ያለው ሕመም ነው፤ ያኔ ግን ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። ጠበል ሄደች። ጠበሉ ውስጥ ገብታ ትወጣና «ጀርባዬን ነክቶኛል?» ብላ ተመልሳ ስትገባ ተራ የሚጠብቀው ሕመምተኛ ሁሉ ጮኸባት። አንድ ቀን እናቴ ትከሻ ላይ ተደፍታ «እብድ አይደለሁም። ንጹሕ መሆኑንም አውቃለሁ። ማወቄ ግን አይበቃኝም» ብላ አለቀሰች።

የከፋው ነገር በማኅበር በኩል መጣ። በየወሩ ማርያምን የምንዘክርበት ማኅበር ነበረን፤ ባለ ተራው ዳቦና ጠላ አዘጋጅቶ ጽዋውን ቤቱ ይቀበላል። ውብነሽ ሁለት ጊዜ ተራዋ ደርሶ ሁለቱንም ጊዜ ገብሱ ተለቅሞ ስላላለቀ ሳትደግስ ቀረች። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃችን ይግዛው፣ በሦስተኛው «ይህ ካለፋት ከማኅበሩ ትወጣለች» አለ። ከማኅበር የወጣ ሰው ደጁን የሚረግጠው የለም፤ ጽዋው ደግሞ ከእናቷ የወረሰችው ነበር።

የነፍስ አባቷ አባ ገብረ ሚካኤል መጀመሪያ ስግደት አዘዙላት። የባሰ አመጡ! መካከል ላይ ስትደርስ «ቁጥር ዘልዬ ይሆን?» ትልና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ጉልበቷ አበጠ። ደሴ እየሮጠ ሄዶ «አባ፣ ቀኖናዎ ሊገድልብኝ ነው!» አላቸው። እሳቸውም ቤቷ ድረስ መጡ።

«ልጄ» አሉ ተቀምጠው፣ «ጌታ በወንጌል ስለ እንክርዳዱ ‹ተዉት፣ እስከ መከር አብሮ ይደግ› አላለም?»

«ብሏል አባቴ። መከር ሲደርስ ግን ለቅማችሁ አቃጥሉት ብሏል። መከሩ እኮ ገብቷል።»

አባ ጢማቸውን እያሻሹ ባልና ሚስቱን ተመለከቱ። ውብነሽ ሰፌዷን ወደ ደሴ ዘርግታ ጠየቀች፤ ደሴ ማለ። ደግማ ጠየቀች፤ ደግሞ ማለ።

«ደሴ፣ እያሳመምካት ያለኸውስ አንተ ነህ!» አሉ አባ።

«እኔ?»

«ጥርጣሬዋን የምትቀልበው አንተ ነህ። በማልክላት ቁጥር ይወፍራል። ቀለቡን ከልክለው።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ስግደቱን አንሥቻለሁ። ቀኖናሽ ይህ ነው፤ እህሉን እንደ ጎረቤትሽ አንዴ ትለቅሚያለሽ፣ ዳግመኛ ካየሽው ቀኖና አፈረስሽ። ያንተ ደግሞ ደሴ፣ ብትጠይቅህ አትመልስ፤ አትማል።»

«እንክርዳድ ውስጡ ቢቀርስ?» አለች ውብነሽ ደንግጣ።

«ቢቀር ይቀራል» አሉና መስቀላቸውን አሳልመዋት ወጡ።

የሚቀጥሉት ሳምንታት ለሳቅም ለልቅሶም የሚሆኑ ነበሩ። ደሴ መልስ እንዳያመልጠው አፉን ቆሎ ሞልቶ ይቀመጣል፤ ቆሎው ሲያልቅ አጥር ዘሎ እኛ ቤት ይገባል። ውብነሽ ከኋላው «ባል ተብለህ! አንድ ቃል ትነፍገኛለህ?» እያለች ትጮኻለች። እሱ እኛ ቤት ተቀምጦ እንባውን ይጠርጋል። የለቀመችውን ገብስ ወዳስቀመጠችበት አቁማዳ እጇ ይሄድና ይመለሳል፤ ላብ ያጠምቃታል። ሆኖም ፍርሃቱ ካልቀለቡት እያደር እንደሚላላ በገዛ ገላዋ አየች። ጨርሶ አልተዋትም፤ ላላ ብቻ። ገብሱ ብቅል ሆነ፣ ስንዴው ተፈጨ፣ ጠላው ተጠነሰሰ።

የማርያም ዕለት ቤቷ ሞላ። አባ ባረኩ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ። ውብነሽ ገንቦዋን ታቅፋ ግድግዳውን ተደግፋ የእያንዳንዳችንን አፍ ታያለች። የማኅበሩ ሽማግሌ አድማሱ፣ ጠላ የማይጠሉ ሰው፣ ውጭ ወጣ ሊሉ ብድግ አሉ። ተንገዳገዱና ከምሰሶው ጋር ተላተሙ።

ሁላችንም አንድ ነገር ነበር የምናስበው። ዕድሜ ይሁን፣ ጠላ ይሁን፣ ሌላ ይሁን ማን ያውቃል?

ውብነሽ ፊቷ አመድ ሆነ። «ደሴ?» አለች። ደሴ አንገቱን ደፋ። ወደ አባ ዞረች።

«አባቴ፣ እንክርዳድ ነው?»

እናቴ «ኧረ አይደለም!» ልትል አፏን ስትከፍት አባ በእጃቸው አስቆሟት። «አይደለም» ማለት ለእሳቸውም ቀላል ነበር፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«አላውቅም፣ ልጄ» አሏት።

ገንቦውን ጥላ ወደ ጓዳ የምትሮጥ መስሎኝ ነበር። አያ አድማሱ ምሰሶውን እንደ ተደገፉ ባዶ ዋንጫቸውን ዘረጉላት። እግሯን እየጎተተች ሄደች፤ ግማሹን እጃቸው ላይ አፈሰሰችና ዋንጫውን ሞላችው።

«እኔም አላውቅም» አለች። «ይጠጡ፣ አያ አድማሱ።»

ከዚያም ገንቦዋን ይዛ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች።