ኤካይን ያሻገርንበት ዕለት

በኦሞ ወንዝ ላይ ሰው የማሻገር ሥራ የጀመርኩ ዕለት ከታንኳው ወደቅሁ። እኔ የጂንካ ዙሪያ አሪ ነኝ፤ እንሰት ስተክል ነው ያደግሁት፣ ያን የሚያህል ወንዝ አላውቅም ነበር። ቀዘፋ ያስተምሩኝ የነበሩት ዳሰነች ሽማግሌ፣ አባ ሎሙጌት፣ በመቅዘፊያው ስበው አወጡኝ።

“ወንዙን አትጋፋው” አሉኝ እየሳቁ። “መጀመሪያ ዳር ዳሩን ወደ ላይ ውጣ። ከዚያ እሱ ራሱ ያደርስሃል።”

ማታ ቤታቸው አሳደሩኝ። ለመንደሩ “እንግዳዬ ነው” አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ጎሳህ ምንድን ነው ያለኝ የለም።

ዓመታት አለፉ። ከኬንያ ወሰን በኩል የከብት ዘረፋ ሲበረታ አንድ ወጣት የኬላ አለቃ ተመደበልን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስጋት ነበረበት።

“ጋሼ፣ ከኬንያ የሚመጣው ዳሰነች ከሆነ ወገን ነው፣ አሻግር። ሌላ ጎሳ ከሆነ መልስ” አለኝ።

“እኔስ? አሪ እኮ ነኝ።”

“አንተማ የኛ ነህ!” ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣም።

በድርቁ ወራት ኤካይ የሚባል ቱርካና ከኬንያ መጣ። ስድስት ፍየል ቀርቶታል። ማዶ ሣር ካላገኙ ልጆቹ የሚጠጡት ወተት የለም።

“ወዳጅ አለኝ፤ ሎሙጌት ይባላል” አለ።

አለቃው “አይሻገርም” አለ። አባ ሎሙጌት ማዶ ሆነው ያዩ ነበር። ሌላ ታንኳ ይዘው መጡ።

“ልጄ፣ ይህ ሰው ምን አጠፋ?”

“ትእዛዝ ነው አባ። ቱርካና ነው።”

“አምና ከብቴን ዘርፎ የነዳው የገዛ ዘመዴ ነው። አንተ ዳሰነች ነው ብለህ ያን አሻግረኸው ነበር። ኤካይ ግን አባቱም የአባቴ ወዳጅ ነበር፤ ስንራብ ፍየል ሰጥተውናል። ወዳጅነቱን ወርሰነዋል።”

“ቢያጠፋስ?”

“ዋሱ እኔ ነኝ፤ ካጠፋ የእኔን ከብት ንዳ። ለዚያ ለዘመዴ ግን ዋስ አልሆንም!”

አለቃው “ይሻገር” አለና ራሱ ጎንበስ ብሎ የአንዷን ፍየል እግር ማሰር ጀመረ። አላወቀበትም፣ ረገጠችው። ኤካይ ሳቀ። ፍየሎቹን ታንኳው መሐል አስተኝተን ዳር ዳሩን ወደ ላይ ወጣን፤ ወንዙም አደረሰን።

ከዚያ በኋላ አለቃው የሚመጣውን ሁሉ “ማን ጋ ትሄዳለህ? ማን ይዋስሃል?” ይል ጀመር። ዳሰነቹንም ቱርካናውንም። ዋስ ያጣ ዳሰነችም ተመልሷል፤ ጮኾብናል፣ ቻልነው።

ዛሬ ጂንካ ልጆቼ ጋ ነኝ፤ ደኅና ነኝ። ድንበር ጠባቂ አያስፈልገውም አልልም፤ ሌባ አለ። ጎሳው ግን ሌባውን አይለይም። ሰውን በተወለደበት ዘር መመለስም ማስገባትም ትክክል አይደለም። ማን ጋ እንደሚሄድና ማን እንደሚዋሰው መጠየቅ ይበቃል።